ክሴኒያ የምትባል ሕፃን

ኅዳር 12

ለወንድሜ ለጋሼ፤

እርስዎ፣ እትዬና ልጆቹ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ሆዴም ደህና ነው፤ በር ላይ ስደርስ ከእኔ ቀድሞ የሚገባው እሱ ሆኗል። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሥራ ብዛት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን ድሮ ልጅ ሳለሁ ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ይነግሩኝ ስለነበር፣ ጆሮዬን በማያዩበት ቦታ ሆኜም አልደፈርኩም።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎን ፈርቼ ነው። «ሐኪሟ ሴት ናት ካለች የእማዬን ስም እናወጣላታለን፤ ተስማማሽ አይደል?» ብለዋል። ሐኪሟም ሴት ናት ብላናለች። «አይደል» የምትለዋን ሲጽፉ ብዕሩን ጫን እንዳደረጉት ከወረቀቱ ጀርባ ይታያል።

ጋሼ፣ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። በቤታችን ስም የሚያወጡትም እርስዎ ነዎት። እኔን ሚጣ ያሉኝ እርስዎ፣ ለልጆቹ ስም ያወጡት እርስዎ፣ የጎረቤቱ ውሻ እንኳ ዞር የሚለው እርስዎ ባወጡለት ስም ሲጠሩት ነው። ይህችን አንዷን ለእኔ ይተዉልኝ ብዬ ልለምንዎት ነው የተነሣሁት። የእማዬን ስም ጠልቼው አይደለም። ግን ልጅ ይቆጧታል፣ ይገሥጿታል። በእማዬ ስም እየጠራሁ «አፍንጫሽን ተጠረጊ፣ ከጠረጴዛው ላይ ውረጂ» ልል ነው? ምላሴ እሺ አይለኝም። ደግሞም እኔ እማዬን አላስታውሳትም፤ ስትሞት ገና እድህ ነበር። ስሟን የማውቀው ከእርስዎ አፍ ነው፣ ያውም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ሲያነሡት።

«ታዲያ ማን ልትያት ነው?» ይሉኝ ይሆናል። በምሠራበት የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት አንድ ያረጀ መጽሐፍ መጥቷል። የጥንት ግሪኮች የሚጠሩባቸውን ስሞች ከነትርጉማቸው የያዘ ነው። ክሩ ተበጣጥሶ ገጹ ሁሉ ተበታትኗል፤ የገጽ ቁጥር የነበረበትን ጥግ ደግሞ አይጥ በልቶታል። ሙጫው እስኪደርቅልኝ ገልበጥ ገልበጥ እያደረግኩ ሳነብ ከአንድ ገጽ ግርጌ አንድ ስም አየሁ። ክሴኒያ። ከሥሩ ያለውን ገጽ ሳነሣ ራስጌው ላይ «የፀሐይ መውጫ» ይላል። ልጅቷ በዚያው ቅጽበት ከውስጥ ረገጠችኝ። ለባለቤቴ ብነግረው «ምሳ ስላልበላሽ ነው» አለ። መነጽር ሠሪ አይደል፣ በዐይኑ ያላየውን አያምንም።

እባክዎ ይፍቀዱልኝ።

ታናሽዎ ሚጣ

---

ኅዳር 27

ለእህቴ ለሚጣ፤

እኛ ደህና ነን። እትዬሽ ሰላም ብላሻለች፤ ልጆቹ ጉንጭሽን ስመውሻል፤ ትንሹ ደግሞ ሆድሽን ሳሙልኝ ብሏል። ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ አኮረፍኩ። እትዬሽ ምሳ አቅርባ «ብላና ኩርፊያህን ትቀጥላለህ» አለችኝ፤ እኔም እንዳለችው አደረግኩ። ከምሳ በኋላ ደግሜ ሳነበው ግን ያን ያህል የሚያስኮርፍ ነገር አጣሁበት።

ስለ እማዬ ስም ያልሽው ገብቶኛል። ቅር ማለቴን ግን አልደብቅሽም። ያንን ስም ጮክ ብዬ ከጠራሁት ስንት ዘመኔ። ልጅቷ ስታድግ እዚህ ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ፣ እኔ ከደጅ ሆኜ በዚያ ስም ስጣራት፣ እሷም «አቤት» ስትለኝ እያሰብኩ ነበር የከረምኩት። የራሴ ምኞት ነው፤ ያንቺ ዕዳ አይደለም።

ወደ ክሴኒያ እንምጣ። የፀሐይ መውጫ መባሉን ወድጄዋለሁ። አጀማመሩ ግን ክስ ልመሠርት የተነሣሁ ያስመስለኛል። እትዬሽ ልትጠራው ስትሞክር አስነጠሳት። ልጆቹ ስም ይሁን ሳሙና ሳይጠይቁ ወዲያው ለመዱት፤ ሲጣሩበት ዋሉ።

ሚጣ፣ አንቺ መጽሐፍ ጠራዥ ስለሆንሽ ስም የሚጻፍ ነገር ይመስልሻል። ስም የሚጠራ ነገር ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ሰው ስጠራ ነው፤ ጡሩንባ ያሉኝም በከንቱ አይደለም። ስንቱ የተከበረ ስም የአውቶቡስ ሞተር ሲነሣ ሰምጦ ሲቀር አይቻለሁ። ባለቤቱ እዚያው መስኮቴ ሥር ቆሞ ሳይሰማው አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ፍርዱን ለማይክራፎኑ እንተወው። ሰኞ ጠዋት፣ አውቶቡሶቹ ሁሉ ሞተር አስነሥተው ሳለ እጠራታለሁ። ከተሰማች ስሟ ይጽና። ከሰመጠች ግን የእማዬ ስም ይሆናል። ተስማማሽ አይደል?

ወንድምሽ

---

ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ዛሬ ግን ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። «ተሰምታለች፤ ስሟ ይጽና» የምትለው መልእክትዎ ደርሳኛለች። በደስታ ባለቤቴን ሳቅፈው መነጽሩን ሰበርኩበት። ደግነቱ ሠሪው ራሱ ነው።

ደስታዬ በረድ ሲል ግን መልእክቷን አገላብጬ አየኋት። ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ዝናብ እንኳ ሲጽፉ ወረቀት አይበቃዎትም። ይህችኛዋ ከአንድ መስመር አታልፍም። የተጻፈችውም ሻንጣ ላይ በሚንጠለጠል ካርቶን ጀርባ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ድምፅ ማጉያ ክፍል ውስጥ የሻንጣ ካርቶን የሚገኘው?

እትዬ የላኩልኝ ጥቅልም ደርሶኛል፤ እጃቸው ይባረክ። ነጭ የሱፍ ሻል፣ የሚንሿሿ መጫወቻና አንዲት ካልሲ አለበት። አንድ እግር ብቻ ናት፤ ሌላኛዋን ፈልጌ ጥቅሉን ሁለቴ አራገፍኩት። «ከመናኸሪያው ሰዎች፣ ለክሴኒያ» የሚል ብጣሽ ወረቀትም ተሰክቶበታል። የትኞቹ ሰዎች ናቸው? ልጄን ከየት ያውቋታል? እኔ ራሴ ገና አልተዋወቅኳትም።

እባክዎ ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። የእኔ ፊደል የተንጋደደው ጋደም ብዬ ስለምጽፍ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

ሚጣ

---

ታኅሣሥ 26

ለሚጣ፤

የጤናሽን ነገር መጨረሻ ላይ እጠይቅሻለሁ። «ሌላ ምንም የለም» ብለሽ ስትጽፊ ጆሮሽ መቅላቱ ከዚህ ሆኜ ታይቶኛል። መጀመሪያ ያንቺን ጥያቄ ልመልስ፤ ስለደበቅኩሽም ይቅርታ።

ሰኞ እንዳልኩሽ ማይክራፎኑን ከፈትኩ። ስሟን ብቻ ጠርቼ ልዘጋው ነበር። «ክሴኒያ» አልኩ። ጥርት ብሎ ወጣ፤ የሞተሩን ጩኸት ሰንጥቆ ሄዶ ከጣሪያው ቆርቆሮ ተመልሶ መጣልኝ። ደስ አለኝ። ግን ስም ብቻውን ተንጠልጥሎ አይቀርም። አፌ ዘመኑን ሁሉ የለመደውን ቀጠለ፦ «... የምትባል ሕፃን ስለጠፋች፣ ያያችሁ ወደ ድምፅ ማጉያ ክፍል እንድታመጡልን።» አስቤ አይደለም ሚጣ፣ አፌ ራሱ ነው የተናገረው።

ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ። ሾፌሮቹ ከጎማ ሥር ትሆናለች ብለው አንድ በአንድ ሞተር አጠፉ። መናኸሪያው እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዳቦ ሻጯ ቅርጫቷን ሜዳ ላይ ጥላ በየአግዳሚው ሥር ስታጎነብስ፣ ዳቦዋን የነካባት ሰው የለም። ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ የመጸዳጃ ቤቱን በር ሁሉ እየከፈተ ብዙ ስድብ ጠጣ። አውቶቡስ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት እናት ሻሏን ከትከሻዋ አውልቃ አመጣችልኝና «ስትገኝ በርዷት ይሆናል፣ ይኼን አልብሷት» አለችኝ። ትኬት ቆራጯ መስኮቴን አንኳኩታ «ምን ለብሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ደንግጬ ስለነበር እውነቱ አመለጠኝ። «ገና ምንም አልለበሰችም» አልኳት። ያን ጊዜ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ምን ላድርግ፣ ወጣሁና ነገሩን አስረዳሁ። አልጠፋችም፤ ገና አልተወለደችም፤ የእህቴ ልጅ ናት፤ ስሟን እየሞከርኩ ነው አልኳቸው። የሚደበድቡኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሾፌር ግን ሳቀ፤ ከዚያ ማን ያስቁማቸው። ወዲያው ደግሞ «መቼ ነው የምትወለደው? እናትየዋ ደህና ናት?» እያሉ ከበቡኝ። ሻሉን ልመልስላት ብል ሴትዮዋ «ለእሷ ብዬ ነው ያወለቅኩት» ብላ እንቢ አለች። ሌላዋ ያንኑ ሰዓት ኪሮሿን አውጥታ ካልሲ ጀመረች፤ አንዱን እግር ስትጨርስ አውቶቡሷ ተነሣ።

ያልሳቀው የመናኸሪያው ኃላፊ ብቻ ነው። አውቶቡስ ሁሉ ዘግይቶበታል፤ አልፈርድበትም። ማይክራፎኑን ነጥቆ ዕቃ ክፍል አስገባኝ። አሁን ሻንጣ ነው የምጠብቀው። ሻንጣ ደግሞ ቢጠሩት አይመጣ። ነፍሰ ጡር እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ለምንድን ነው ጋደም ብለሽ የምትጽፊው?

ወንድምሽ

---

ጥር 9

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ ስቄ ስቄ አልጋው ሲነቃነቅ ባለቤቴ ምጥ መሰለው። ጫማውን ግራ ቀኙን አዛውሮ አጥልቆ እኔን ትቶ ብቻውን ሐኪም ቤት ሊሮጥ ሲል ጮኼ ከበር መለስኩት።

አዎ፣ አልጋ ላይ ነኝ። ልጅቷ ቸኩላለች፤ ያለ ጊዜዋ እንዳትመጣ እስክወልድ ድረስ እንዳልነሣ ሐኪሟ አዝዛኛለች። ያልነገርኩዎት ሥራዎን ጥለው በመጀመሪያው አውቶቡስ እንዳይመጡ ነው። ፈርቼም ነበር ጋሼ፤ ጽፌው ሳየው ይብስብኛል ብዬ ነው። ትናንት ግን ሐኪሟ «ዋናው ስጋት አልፏል» ብላናለች። ይመኑኝ፣ ጆሮዬ እንደነበረ ነው። ባለቤቴ ያበስላል። ሾርባውን ስቀምስ ውኃውን ከየት እንዳመጣው ብቻ ነው የማውቀው።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራ ፈትቼ እንዳልውል ያንን መጽሐፍ ከመጠረዣው ቤት አመጡልኝ። ለመስፋት ገጾቹን በየተራቸው ደረደርኳቸው። ይህንን መጀመሪያ ነበር ማድረግ የነበረብኝ፤ ጀማሪ ጠራዥ እንኳ የተበተነ መጽሐፍ ሳይደረድር አያምንም። ጋሼ፣ ክሴኒያ የፀሐይ መውጫ ማለት አይደለም። ያ አናቶሊያ የምትባል የሌላ ስም ትርጉም ነው፤ ገጹ ያለ ቦታው ገብቶ ነው ያሳሳተኝ። የክሴኒያ የራሷ ገጽ ሲገኝ «እንግዳ መቀበል፤ የማያውቁትን ሰው እንደ ወገን ማስተናገድ» ይላል።

ይታይዎት፣ ልጄን ፀሐይ ልላት ተነሥቼ የእንግዳ ማረፊያ አደረግኳት። እርስዎ ደግሞ ለዚህ ብለው ማይክራፎንዎን ተነጠቁ። ስለዚህ እርስዎ ያሉት ይሁን። በእማዬ ስም እንጥራት። ልብዎን ለማግኘት ብዬ አይደለም፤ የምሬን ነው።

ሚጣ

---

ጥር 21

ለሚጣዬ፤

እንኳን ከስጋቱ አወጣሽ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ደብቀሽኝ እንዳላገኝሽ፤ ተቆጥቻለሁ፤ ይህንን ቁጣ በደንብ አንብቢው። አማቼን ጨው የሚባል ነገር መኖሩን ንገሪው።

የመጨረሻዋን አንቀጽሽን ለእትዬሽ ሳነብላት «የምሯን ነው» አለች። እኔም አውቄዋለሁ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ እያነሣሁ ያንን ስም ለራሴ ስደጋግመው ዋልኩ።

በማግስቱ ዳቦ ሻጯ ወደ ዕቃ ክፍል ብቅ ብላ «ክሴኒያ እንዴት ናት?» አለችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ስሙን ቀይረነዋል፣ ትርጉሙ ሌላ ሆኖ ተገኘ አልኳትና እውነተኛውን ነገርኳት። ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «ታዲያ እኛ ያን ቀን ምን ስናደርግ ነበር?» አለችኝና ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች።

ሚጣ፣ ፀሐይ ማንም ሳይጠራት ትወጣለች። ያን ቀን ግን ከስሟ በቀር ምንም የማያውቁ ሰዎች ለዚህች ልጅ ብለው አውቶቡሳቸው አመለጣቸው፣ ልብሳቸውን አወለቁላት። ዘመዷ ማን ነው፣ የየት ናት ያለኝ የለም። አሁን ተመልሼ ስሟ እሱ አይደለም ልበላቸው? በምን ዐይኔ? ስም የማውጣቱ ነገር የእኔ ነው ካልሽ ይኸው አወጣሁ፤ ክሴኒያ ናት። የእማዬን ለእኔ ተዪልኝ።

የማይክራፎኑን ነገር አታስቢ። አዲሱ ለፋፊ ድምፁ ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ማይክራፎኑን የሚናከስ ነገር መስሎት ከሩቅ ነው የሚያወራው። ሕዝቡ አውቶቡስ እየሳተ ቢያማርር፣ ትናንት ኃላፊው ወደ ዕቃ ክፍል መጥቶ ስለ አየሩ ሁኔታ አወራኝ። መታረቅ ፈልጎ ነው። ነገ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ያልተወለደ ሰው ላልጠራ ግን ፈርሜያለሁ።

ወንድምሽ

---

የካቲት 30

ለጋሼ፤

«ምነው ዝም አላችሁ?» ብለው ለጠየቁት መልሱ አጠገቤ ተኝቷል። ክሴኒያ መጥታለች። ሁለታችንም ደህና ነን። ስለ ምጡ አልጽፍልዎም፤ አልፏል። ድምፅዋን ግን ልንገርዎት። መጀመሪያ ስትጮኽ በክፍሉ ያለን እናቶች ሁሉ ቀና አልን፤ አዋላጇ «ይቺ የማን ናት?» ስትል «የጡሩንባ እህት ልጅ» አልኳት። እዚህ ማን እንደሆኑ የሚያውቅዎት ባይኖርም ኮራሁ። አባቷ ደግሞ ዐይኗን ሲመረምር ውሎ «ማየት ትችላለች፤ የምታየው ግን አልመጣላትም» ብሏል።

ስሟን የመዘገበችው ሴት ቀና ብላ «ምን ማለት ነው?» ስትለኝ የመናኸሪያውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ማንም አላጉረመረመም፤ አንድ ሰውዬ እንዲያውም «ሻሏን ያወለቀችውስ ሴትዮ ጉንፋን ያዛት?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ካገኟት ይጠይቁልን።

አንገቷ ሲጸና ይዣት እመጣለሁ። እትዬን ይሳሙልኝ።

ሚጣ

---

ግንቦት 18

ለሚጣ፤

ቤታችሁ በሰላም መግባታችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ልጆቹ ሲጣሉ እንኳ ከልባቸው አይመስሉም። የምጽፍልሽ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ከአውቶቡስ የወረዳችሁ ቀን የሆነውን፣ እዚህ በከረማችሁበት ጊዜ አንቺም አላነሣሽው፣ እኔም አላነሣሁት።

እንዴት ያለ ዝግጅት እንደነበረ አይተሻል። ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ቆመዋል። ዳቦ ሻጯ የክት ልብሷን ለብሳ መጥታለች። ኃላፊው ራሱ «ዛሬ ጥራት፤ ተወልዳለች» ብሎ ማይክራፎኑን በእጁ ከፈተልኝ። የምለውን ለቀናት ስለማመድ ነው የከረምኩት። «ክሴኒያ የምትባል ሕፃን ተገኝታለች» ልል ነበር፤ በቃ፣ ይህችኑ ብቻ።

ከዚያ አንቺ በመጠበቂያ አዳራሹ በር ገባሽ። ልጅቷን በሻሉ ጠቅልለሽ በግራ ክንድሽ አቅፈሻታል፤ ፀሐይ እንዳያገኛት በመዳፍሽ ፊቷን ከልለሽላታል። ሚጣ፣ እማዬ አንቺን ወልዳ ወደ ቤት ስትገባ ልክ እንዲሁ ነበረች። እኔ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኳት ነበር። ይህንን ነግሬሽ አላውቅም። እሷን እንደምትመስዪም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ አላልኩም ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው የእሷ ስም ነው። በዚያ ሁሉ ድምፅ፣ በመናኸሪያው ሁሉ።

ሰዎቹ የልጅቷ ተጨማሪ ስም መስሏቸው አጨበጨቡ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ልጅቷን በስሟ ጥራት ብለሽ ብዙ ለምነሽኝ፣ እሺ ብዬሽ፣ በቀኗ ሳልጠራት ቀረሁ። ቅር ብሎሽ እንደሆነ አትደብቂኝ። እኔ ናፍቆቱ እንዲህ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ወንድምሽ

---

ግንቦት 29

ለጋሼ፤

ክሴኒያ ደህና ናት። ዛሬ የአባቷን መነጽር ከፊቱ ላይ ነጥቃ ስትጥል በስሟ ጠርቼ ተቆጣኋት። ሳቀችብኝ። ባለቤቴ ሌላ መነጽር እየሠራ ነው።

ቅር አላለኝም። ያላነሣሁት ቅር ብሎኝ ሳይሆን ለመናገር ስላፈርኩ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ ማይክራፎኑ ላይ አንገትዎን ደፍተው ስለነበር አላዩኝም። የእማዬ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ክሴኒያን ምን ብለው እንደጠሩልኝ እንኳ አላሰብኩም። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ወደ እኔ ሲያይ፣ እኔ ሻሉን ጠበቅ አድርጌ ከኋላዬ ወዳለው በር ዞርኩ። መልኳን አላውቀውም፤ ግን ትመጣለች ብዬ ነው የዞርኩት።

ታናሽዎ ሚጣ